ብቻዋን የቀረችው የፖም ዛፍ

ጋሽ መቀስ ወደ ችግኝ ማፍያው የሄዱት አንዲት ዛፍ ሊገዙ ነበር፤ ሌላዋን ለማስቆረጥ ደግሞ ሐሳባቸውን ጨርሰዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈሩን ሰው ጸጉር ሲያስተካክሉ ኖረው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቃቸውን ዘግተው ቤት የዋሉ ሰው ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ሁሉም የሚጠራቸው በመቀሳቸው ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከግቢያቸው የሚወጡት ከስንት አንዴ ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው በችግኝ ማፍያው በር ሲገቡ፣ ጎንበስ ብላ ችግኝ የምታጠጣ ወጣት ቀና ብላ አየቻቸው። የአጥር ጎረቤታቸው የግንበኛው ልጅ ናት። ስለ ተክል አያያዝ ተምራ ከተመለሰችና እዚያ ሥራ ከያዘች ገና ብዙም አልቆየችም።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ምን እግር ጣለዎት?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን። እዚህ መሆንሽን አላወቅሁም ነበር፤ ደግ ሆነ። አንዲት የፖም ችግኝ ምረጪልኝ። ቀይ ትሁን፣ ጣፋጭ ትሁን፤ ልክ እንደኛዋ።»

«የእናንተዋ ምን ሆነች?»

«ልትቆረጥ ነው። ሰው አነጋግሬያለሁ።»

ልጅቷ የውሃ ማጠጫውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ያቺን ዛፍ በሚገባ ታውቃታለች፤ በሕፃንነቷ በአጥሩ ቀዳዳ እጇን እየሰደደች ፍሬዋን ስትለቅም ነው ያደገችው።

«ታመመች እንዴ?»

«ሞታለች ብልሽ ይቀላል፤ ቆማ ነው እንጂ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ አንዲት ፍሬ አልሰጠችንም። የተከለቻት እሷ፣ የምታጠጣት እሷ፣ ጠዋት ጠዋት የምታወራትም እሷ ነበረች። እሷ ስትሄድ ዛፏም ማቅ ለበሰች። በየዓመቱ እሷን እያየሁ አንጀቴ ከሚቆረጥ እሷው ትቆረጥ ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ለልጅቷ ቀላል ነበር። ሐዘንተኛን ተሟግቶ የሚመሰገን የለም። ቀይ ችግኝ መርጣ፣ በከረጢት ጠቅልላ ብትሰጣቸው መርቀዋት ይሄዱ ነበር። ነገር ግን ያች ችግኝ አድጋ እንደ ቀድሞዋ መካን ስትሆን፣ ሽማግሌው ዳግመኛ ሐዘን ሊቀመጡ ነው።

«አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አበባ ታወጣለች?»

«አበባስ ታወጣለች። አሁንም እንቡጧ ሊፈነዳ ደርሷል። ነጭ ለብሳ ሙሽራ መስላ ትቆምና፣ ጥቂት ቆይታ ሁሉንም ታራግፈዋለች።»

«እንግዲያው ሐዘንተኛ አይደለችም፤ ሐዘንተኛ መቼ ያጌጣል? ዛፏ ጤነኛ ናት ጋሼ። የጎደላት ጓደኛ ነው።»

«የምን ጓደኛ?»

«አብዛኛው የፖም ዝርያ በራሱ አበባ ብቻ አያፈራም። ንብ ከሌላ ዝርያ አበባ ላይ ብናኙን ይዛ መጥታ ካልነካካችው፣ አበባው ይረግፋል እንጂ ፍሬ አይቋጥርም። ያቺኛዋ ደግሞ በዚያው ሰሞን የምታብብ መሆን አለባት።»

ጋሽ መቀስ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። «ዛፍ ደግሞ ባል ያስፈልጋታል በይኛ።»

«እንደዚያም ቢሉት ያስኬዳል።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ስታፈራ ባሏ ማን ነበር? እኛ ግቢ ከእሷ ሌላ ፖም የለም። አባቴ አንዲት ሎሚ ነበረችው፤ ብቻዋን ቆማ ሰፈሩን ታዳርስ ነበር። እናንተ የተማራችሁ ልጆች ቀላሉን ነገር ማወሳሰብ ትወዳላችሁ።»

«ሎሚ ራሱን ይችላል፤ ፖም አይችልም።» ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የእሷ ጓደኛ ከአጥሩ ወዲያ፣ እኛ ግቢ ነበረች። ያቺ አረንጓዴዋ፣ ኮምጣጣዋ።»

ጋሽ መቀስ ያቺን ዛፍ አልረሷትም። ፍሬዋ ጥርስ የሚያጠርስ፣ በአጥሩ ላይ እየተንከባለለ ግቢያቸውን የሚያቆሽሽ፣ ከሚስታቸው በቀር ማንም የማይለቅመው ነበር። ሚስታቸው በስኳር አፍልተው ማርማላታ ያደርጉት ነበር። ግንበኛው ለትልቁ ልጁ ማግቢያ ክፍል ሊጨምር ሲቆርጣት፣ ጋሽ መቀስ በረንዳቸው ላይ ቆመው «ተገላገልን» ብለዋል። ሚስታቸው ያኔ አልጋ ይዘው ነበር። ያ ዓመት ሳያልቅ አረፉ።

«አንድ ሰሞን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የእሷ መሞትና የዚያች መቆረጥ አንድ ሰሞን ነው።»

«አዎ ጋሼ። ያምታታዎት እሱ ነው። አባቴም አላወቀ፤ ማንም አላወቀ።»

ሽማግሌው ከአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እንግዲህ አላዘነችም ነው የምትዪኝ።»

«አላዘነችም» አለች ልጅቷ።

«ደህና ዋይ ልጄ» አሉና ችግኝ ሳይገዙ ወጡ።

አንድ ሰው ከያዘው እምነት አልላቀቅ ሲል ግትር እንለዋለን፤ በእምነቱ ላይ ምን እንደተደገፈ ግን አንጠይቅም። ጋሽ መቀስ ሚስታቸውን የቀበሩ ዕለት አላለቀሱም። ሰው «ጠንካራ ናቸው» ብሎ አደነቃቸው። እሳቸው ግን ቤት ገብተው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ዛፏ አበባዋን ስታራግፍ ሲያዩ፣ እሷ ታልቅስልኝ ብለው ሐዘናቸውን ትተውላት ነበር። ያን አሁን አንዲት የትናንት ልጅ መጥታ ወሰደችባቸው።

ጥቂት ቀናት አልፈው ዛፏ ፍክት ብላ ስታብብ፣ ልጅቷ በራቸውን አንኳኳች። በእጇ ውሃ የሞላ ባልዲ ይዛለች፤ ባልዲው ውስጥ ከችግኝ ማፍያው ኮምጣጣ ፖም የተቆረጡ፣ አበባ የለበሱ ቅርንጫፎች ቆመዋል።

«ቆራጩ መጥቷል?»

«ነገ ነው የሚመጣው።»

«እንግዲያው አንድ ጊዜ ይታገሱልኝ። ይህን ከቅርንጫፎቿ መሀል ልስቀለው። የቀረውን ንቦቹ ያውቁበታል።»

«ብትሳሳቺስ?»

«ከተሳሳትኩ እኔው ራሴ አስቆርጣታለሁ።»

ጋሽ መቀስ ባልዲውን ትኩር ብለው አዩት። «ነገሩ እንዲህ ነው ልጄ። ከተሳሳትሽ ዛፏ አብራኝ ስታዝን ኖራለች ማለት ነው። ካልተሳሳትሽ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ያዘንኩት ብቻዬን ነው። የቱ እንደሚሻለኝ አላውቅም።»

«እትዬ ቢኖሩ የቱን ይመርጡ ነበር?» አለቻቸው።

«እሷማ ፍሬውን ትመርጥ ነበር» አሉና መሰላል ሊያመጡ ሄዱ።

ባልዲውን ሲሰቅሉ ልጅቷ ቀና ብላ የተጠላለፉትን ቅርንጫፎች አየች። «ዕድሜዎን ሙሉ የሰው ጸጉር ሲቆርጡ ኖረው፣ ይህችን እንዲህ ጎፈሬ ያደርጓታል? ፀሐይ መግቢያ እኮ የላትም።»

«ደንበኛዬ አልነበረችማ» አሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከልባቸው የቀለዱት ያን ዕለት ነው።

ቆራጩ በማግስቱ መጥቶ፣ ለድካሙ ተመስግኖ ተመለሰ። አበባው ረገፈ። ከረገፈው ሥር ግን የአተር ፍሬ የሚያህሉ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ቀሩ። ጋሽ መቀስ በየጠዋቱ እየወጡ በጣታቸው ይነኳቸዋል። ፍሬዎቹ አበጡ፣ ቀሉ። ጋሽ መቀስ አንዷን ቀጥፈው፣ በኮታቸው እጅጌ ወልውለው ገመጡ። ጣዕሙ ያው ነበር። የቀሩትን በሳህን ይዘው ወደ ግንበኛው ቤት ገቡ።

ግንበኛው ልጁ ከነገረችው ጀምሮ ሊያያቸው ሲያፍር ነበር። «ባውቅ ኖሮ መጥረቢያ ባላነሣሁ» አላቸው።

«እኔም ተገላገልን ብዬ ነበር» አሉ ጋሽ መቀስ። ሌላም ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ግን ሳህኑን ከጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጡ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አለቀሱ። ግንበኛው አላባበላቸውም። ወንበሩን ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ እስኪበቃቸው ድረስ አብሯቸው ቆየ።

ከዚያ በኋላ ነው ልጅቷን አስጠርተው፣ «በይ አሁን እንምረጥ» ያሏት። «እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣም። ከዚህች ፍሬ ውስጥ ያለውን ዘር ብዘራው ምን ይሆናል?»

«ይበቅላል፤ ግን እናቱን አይመስልም። ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚሰጥ አይታወቅም። ከእትዬ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠን ሥር ባለው ሌላ ችግኝ ላይ ሰክተን ብናዳቅለው ግን ራሷን ናት።»

«ራሷን ናት» አሉ እየደገሙ። «እሺ፣ አንዷ እንደዚያ ትሁን። ሌላዋስ? በገበያ የማያት ያች ትልልቅ ቢጫ ፖም ደስ ትለኛለች።»

«እሷ ረጅም ብርድ ትፈልጋለች። የእኛ ብርድ አጭር ነው፤ ቅጠል ብቻ ታቅፋ ትቀርብዎታለች። ዝርያ የሚመረጠው መጀመሪያ በአገሩ አየር ነው፤ የዓይን ፍቅር ኋላ ይደርሳል። ቀጥሎ የሚታየው የሚያብቡበት ወቅት ነው፤ አንዷ አብባ ከጨረሰች በኋላ ሌላዋ ብታብብ ባዳ ናቸው። ከዚያ ደግሞ አንዷ ቀድማ የምትደርስ፣ ሌላዋ ዘግይታ የምትደርስና ተቀምጣ የማትበላሽ ብትሆን ቤትዎ ፖም አያጣም። ቁመታቸውንም ዝቅ በሚያደርግ ሥር ላይ የተዳቀሉ እንመርጣለን፤ ከእንግዲህ መሰላል አይወጡም።»

«ኮምጣጣዋንም ጨምሪ። ማርማላታ የሚሠራ ባይኖርም ትኑር።»

«እሷን አባቴ እኛ ግቢ ሊተክላት ነው፤ እርስዎን ለማስፈቀድ ፈርቶ ነው።»

ሥራው እንዲያ ተጀመረ። የሰፈሩ ሰውም ከእነሱ አይቶ ተማረ፤ ቀድሞ እያንዳንዱ ገበያ ላይ ያማረውን ገዝቶ በየግቢው ተክሎ ዕድሉን ይረግም የነበረው፣ አሁን ከመትከሉ በፊት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «እናንተ ምን ተከላችሁ?» ይባባል ጀመር። የአንዱ ዛፍ ለሌላው ፍሬ ሆነ፤ ልጆችም ምሳቸውን ሲቋጥሩ ፖም አልጎደለባቸውም።

በአንዱ ጠዋት አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት ምክር ሽተው ወደ ጋሽ መቀስ መጡ። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው ስለ ብርዱ፣ ስለ አበባው ወቅት፣ ቁመት ስለሚያሳጥረው ሥር ሁሉንም አስረዷቸው።

«እንግዲያው ሁለት ዓይነት ከተከልን ይበቃናል» አለ ባልየው።

«ለማፍራቱስ ሁለት ይበቃል» አሉ ጋሽ መቀስ። «እናንተ ግን ሦስት ትከሉ። ከሁለት አንዷ የሄደች እንደሆነ፣ የቀረችዋ ብቻዋን ናት።»