ከስፌት መኪናው እግር ጋር የታሰረው ላፕቶፕ

ሱቄን ከፍቼ የደብተሮቹን አቧራ ሳራግፍ፣ የጎረቤቴ የእህት ልጅ፣ ኮምፒውተር ጠጋኟ፣ የብረት ገመድ ጠቅልላ ስታልፍ አየኋትና ተከተልኳት። ወሬ እወዳለሁ፤ አልክድም።

አጎቷን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ሰፈሩ ጋሽ ሜትሮ ይላቸዋል፤ መለኪያው ከአንገታቸው አይወርድም። ሲወጡ በር አይቆልፉም። በርጩማ ደጃፉ ላይ ያጋድማሉ፤ «መጣሁ» ማለታቸው ነው።

«አጎቴ፣ ይሄ የላፕቶፕ መቆለፊያ ነው። ላፕቶፕዎ ጎን ላይ ያለችው ቀዳዳ የተሠራችው ለዚሁ ነው።»

«እኔ እኮ የተሰበረ መስሎኝ በጨርቅ ቁራጭ ደፍኛታለሁ!»

ሳቅን። እሳቸው ግን ወዲያው ኮስተር አሉ። «አላስርም ልጄ። ሃያ ዓመት በርጩማ ሳጋድም ማንም አልደፈረኝም። ዛሬ ብረት ባስር ጎረቤቶቼን ሌቦች ናችሁ ማለት አይሆንም?»

«ቢሰረቅስ?»

«ሌላ ይገዛል።»

«የእሷ ድምፅስ?»

ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ሟች ባለቤታቸው የደንበኞችን ልክ እዚሁ ላይ በድምጿ ትቀዳላቸው ነበር፤ የእሳቸው ዓይን ጽሑፍ አይለይም። «ደረት ዘጠና ሁለት፣ እጅጌ ስልሳ። ሰማህ? ደግሞ እንዳታጠብበው!» ዛሬም ሥራ ሲቀዘቅዝ ይከፍቱታል። ደንበኞቹ ወፍረዋል፤ ልኩ አይሠራም። ድምፁ ግን ይሠራል።

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። «ጋሽ ሜትሮ፣ ይቅርታዎንና ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ በርጩማዋን ተራምዶ ገብቶ ነበር። ስጮህበት ‹ዋጋ ልጠይቅ ነው› ብሎ ወጣ። ይሁን አይሁን እንጃ። ከዚያ ወዲህ እርስዎ በወጡ ቁጥር ከደጄ አልነቃነቅም፤ ሻይ እንኳ ቀርቶብኛል። ቢጠፋ ፊትዎን በምን ዓይኔ አያለሁ?»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«‹አየት አድርግልኝ› ብለው በእምነት ሲሄዱ ምን ልበል?»

«አዩ አጎቴ?» አለች ልጅቱ። «እምነትዎ እኚህን ጋሼን ዘበኛ አደረጋቸው። ይሄ ገመድ ያሳርፋቸዋል።»

ሽማግሌው ተነሡና ገመዱን ራሳቸው በጠረጴዛው እግር ዙሪያ አዞሩት። ልጅቱ ጠረጴዛውን በአንድ እጇ ብድግ ስታደርገው ገመዱ ሹልክ ብሎ ወጣ።

«ሌባውም እንዲህ ያደርጋል።»

«ታዲያ ከምን ልሰረው?»

ሦስታችንም ወደ ጥጉ አየን። የባለቤታቸው ባለብረት እግር የስፌት መኪና፣ እሷ ከሞተች ወዲህ ያልተነካ፣ አራት ሰው የማያነሳው። ጋሽ ሜትሮ የተሸፈነበትን ጨርቅ ገለጡ፤ አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ገመዱን በብረቱ መሐል አሾልከው ላፕቶፑ ቀዳዳ ላይ ቆለፉ።

«ድሮም ሱቁን የምትጠብቀው እሷ ነበረች» አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቱ ግን አልጨረሰችም። ገመድ በጉጠት ይቆረጣልና፣ ሌባን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም አለች። ድምፁን በፍላሽ ገልብጣ ቤት እንዲቀመጥ ሰጠቻቸው። ቁልፉንም ላፕቶፑ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ እንዳይጥሉት አስጠነቀቀች፤ እሳቸውም መለኪያው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ይህን የምጽፈው እናንተም ዕቃችሁን አይታችሁ፣ ቀዳዳዋን እንድትፈልጉ ነው። የጎረቤታችሁም ሻይ እንዳይቀርበት።

ከዚያ ከጋሽ ሜትሮ ጋር ሻይ ልንጠጣ ወጣን። በርጩማዋ እንደ ልማዷ ተጋደመች። እኔ ከስንት ቀን በኋላ ወደ ኋላ አላየሁም። እሳቸው መንገዱ ማጠፊያ ላይ ቆም ብለው አንዴ ዞሩ። ስለ ላፕቶፑ አልመሰለኝም።