«እሺ» የሚለው ቁልፍ

ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለቱ የተዋወቁት መንገድ ላይ ነው። እሱ ለአንድ ትምህርት ቤት የውጤት መያዣ ፕሮግራም የሠራ ወጣት ነው፤ እሷ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ።

«የተማሪዎቹ ውጤት በሙሉ ጠፋ፣ እትዬ።»

«ውይ! ማን አጠፋው?»

«ራሳቸው መምህራኑ። የማስተካከያው መስኮት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግራ ገባን ሲሉኝ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። ‹የድሮውን ላጥፋ?› ብሎ ይጠይቃል። ከሥሩ ‹እሺ› እና ‹ይቅር› የሚሉ ቁልፎች አሉ።»

«እና እሺ አሉ?»

«ሁሉም!»

«ታዲያ መሥሪያ ቤት ተቀምጠህ ይቅር እንዴት ትላለህ?»

«የጠየቃቸው እኮ ኮምፒውተር ነው!»

«ጥያቄውን የበላይ አካል ያስገባው ቢሆንስ? በምን ያውቃሉ?»

«በእንግሊዝኛ ሳለ ፈርተው አይነኩትም ነበር። ጉድ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።»

«ቅጂ የለውም?»

«ቅጂው ያለበትን ፍላሽ ቫይረስ በላው። ልጆቹ ደግሞ ትራንስክሪፕት አምጡ ተብለዋል።»

«አይ ልጄ!»

«አሁን ‹እሺ› የሚለውን አንስቼ ‹አጥፋ› ብዬ ብጽፍበትስ?»

«ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው ብለን ቶሎ እናጠፋዋለን።»

ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «እዚያ ወንበር ላይ አንድ ሰው ጨምሩልኝ» ሲል ሁሉም «እሺ» አሉ፤ እኔም «እሺ» ብዬ በሞላው ወንበራችን ላይ ተጠጋሁ።