የእህቴ ካሴቶችና የደበቅሁት ደብዳቤ

ሐዘናችንን ልትካፈሉ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የታላቅ እህቴን ዜና ሕይወት እኔ እንዳነብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸውና ጥቂት ታገሡኝ።

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው፣ ከዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት በፊት የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ቀጭንና ግትር ስለነበሩ የሰፈር ልጆች «ሽቦ» ይሏቸው ነበር፤ እርሳቸውም ስሙን ወደዱት፣ በኋላ በካሴቶቻቸው ላይ ያተሙትም ይህንኑ ነው።

ሁለታችንም ሙዚቃ ብንወድም፣ አባታችን ማስተማር የሚችሉት አንዳችንን ብቻ ስለነበር ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባሁት እኔ ወንዱ ነኝ። እርሳቸው ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ በማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ሆነው ተቀጠሩ፤ አሮጌ ቤዝ ጊታር ገዝተውም ፖስት ፓንክ የሚባለውን ደረቅና ቁጡ ሙዚቃ ያለ አስተማሪ፣ በጆሯቸው ብቻ ለመዱ።

ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር ሲመሠርቱ፣ የቤታቸውን ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነው ሙዚቃ መቅጃ አደረጉት። ጊታሩንም፣ ድራሙንም፣ ዘፈኑንም በየተራ ራሳቸው ይቀዱ፣ ሽፋኑን ከማተሚያ ቤቱ በተረፈ ቁራጭ ወረቀት ያትሙ፣ ካሴቱንም በዘንቢል ይዘው ሱቅ ለሱቅ ያዞሩ ነበር። በሦስተኛው ካሴት ላይ የሕፃን ልጃቸው ሳል ይሰማል፤ «እሷም የባንዱ አባል ናት» ብለው ሳያጠፉት ቀሩ።

እኔ ግን፣ ባለ ዲፕሎማው፣ በየሠርጉ የሰው ዜማ እየተጫወትሁ «የሽቦ ወንድም ነህ አሉ» የሚለኝ በበዛ ቁጥር አንጀቴ ያርር ነበር። ሲሞገሱ ከሁሉ ቀድሜ አጨበጭባለሁ፤ ቤቴ ስገባ ካሴታቸውን ከዓይኔ አርቃለሁ።

አንድ ቀን ፖስተኛው ከውጭ አገር የመጣላቸውን ደብዳቤ «አድርስላቸው» ብሎ ሰጠኝ። ከፍቼ ባነበው፣ አንድ የሙዚቃ አሳታሚ ሥራዎቻቸውን እስከ አንድ የተቆረጠ ቀን ድረስ እንዲልኩለት ይጠይቃል። ሰባት ወር በኮት ኪሴ ይዤው ዞርሁና፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ «ፖስታ ቤት ተቀምጦ ነበር» ብዬ ሰጠኋቸው። አንብበው አጣጠፉት፤ ምሳ እንድበላም ጋበዙኝ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ቆይቶ ሆስፒታል ሲገቡ፣ ከአልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ተናዘዝሁ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ፖስተኛው ያኔውኑ ነግሮኛል። ቀን የተቆረጠለት መሆኑን አላወቅሁም፤ ራስህ ታመጣዋለህ ብዬ ስጠብቅህ ነበር።» ቀጥለውም «እኔም ትምህርት ቤት ስትገባ ቀንቼብህ፣ እንድትወድቅ ዓመት ሙሉ ጸልያለሁ። ዜና ሕይወቴን አንተ ታነበዋለህ፤ ይቺን ጸሎቴን ግን እንዳትዘላት» አሉ።

ትናንት ጠዋት አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ዘጠኝ ካሴቶችንና እስከዚች ሰዓት የሚቀናባቸውን አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በመልካም ስፍራ ያሳርፍልን፤ እኔንም ከዚህ ልቤ ያሳርፈኝ።