ረግረጉ ባዶ መሬት አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ አይቮሪ ፓርክ ውስጥ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘኝና አቶ ሽጉጤ ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቃቸው፣ ገባሁ። ከኋላዬ ትህትና ገባች፤ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፣ በእጇ ሦስት የአፈር ከረጢት ይዛለች። እዚሁ ጆሃንስበርግ አድጋ በዩኒቨርሲቲ ስለ አፈር የምትማር የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት።

አቶ ሽጉጤ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ስልክ ላይ ይጮኻሉ።

«ዱባለ! መቆፈሪያው ኤክስካቫተር ከደረሰ ምን ትጠብቃለህ? በቦይ አድርቀውና ባህር ዛፉን ትከል!»

ስልኩን ዘግተው ፈገግ አሉ። «ወንድሜ ነው። ሆሳዕና አጠገብ ያለውን የአባቴን ረግረግ ወግ እናስይዘዋለን። ባህር ዛፍ ጠባቂ አይፈልግም፤ ባለቤቱ ደቡብ አፍሪካ ቢሆንም ያድጋል።»

ይህን አባባል ስንት ጊዜ ሰማሁት! ከአይቮሪ ፓርክ እስከ ዳቬይተን ሱቅ የከፈተ ሁሉ የአገሩን መሬት በስልክ ያርሳል። ሳያይ ያዛል፣ ሳይጠይቅ ያስቆፍራል። ደሜ ፈላ፤ ልጅቷ ግን ቀደመችኝ።

«ጋሼ ሽጉጤ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያስቁሙት። ፕሊስ!»

«ምን አገባሽ ልጄ? ረግረግ ለእንቁራሪት ነው።»

ከረጢቶቹን ባንኮኒው ላይ ከፈተቻቸው።

«ይኼ ከደረቅ አሸዋማ ቦታ ነው፤ የያዘው ካርቦን፣ ወደ አየር ሲወጣ ምድርን የሚያሞቀው ማለቴ ነው፣ ጥቂት ነው። ይኼ ከሣር ሜዳ፤ ሣሩ አጭር ቢሆንም ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ሀብቱን ከመሬት በታች ያኖራል። የሞቃት አገር ጫካ ብዙውን በግንዱ ይሸከማል፤ ሲቆረጥ ይሄዳል። ይኼ ጥቁሩ ግን ከረግረግ ነው። ውሃው አየር ስለሚከለክል የሞተው ተክል ቶሎ አይበሰብስም፤ ለዘመናት ይጠራቀማል።»

«ካርቦን፣ ካርቦን! እዚህ በድንጋይ ከሰል አገሩን ሁሉ የሚያበሩት እነሱ፣ የጭሳቸው ዘበኛ የእኔ ረግረግ? ሂጂ ለእነሱ ንገሪ!»

ጥያቄው እውነት አለው፤ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ሌላው ቤቱን አቃጠለ ብሎ የራስን ጣራ ማፍረስ ምን የሚሉት ብቀላ ነው? ይህንኑ ተናገርኩ፤ ድምፄም ከፍ አለ።

«መምህር፣ ጠመኔ እንጂ ሞፈር ጨብጠህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

ትህትና መሃላችን ገባች። «እሺ፣ እነሱን እንተዋቸው። እናንተ ሰፈር ረግረግ ያደረቀ ሰው የለም?»

«አለ እንጂ፤ ጎረቤታችን ኪዳን። ሁለት ዓመት በቆሎው ጣራ ነካ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... ምርቱ ጠፋ። መሬቱ ተረግሞ ነው ተባለ።»

«የአጥሩ ቋሚዎችስ ምን ሆኑ?»

አቶ ሽጉጤ ደነገጡ። «ማን ነገረሽ? የተቀበረው እግራቸው ብቅ አለ። ምስጥ አፈሩን በልቶት ነው ብለን...»

«ምስጥ አይደለም ጋሼ። ቋሚው አልወጣም፤ መሬቱ ነው የወረደው። ጥቁሩ አፈር አየር ሲያገኝ በስብሶ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። ከበታቹ ምንጭ ነበረ?»

«ነበረ።» ድምፃቸው ወረደ። «አሁን የእሱ ሰዎች ከእኛ ምንጭ ነው የሚቀዱት።»

«የእናንተስ ምንጭ ከየት ነው የሚመጣው?»

አቶ ሽጉጤ ስልካቸውን አነሱ። አንድ ጊዜ ሞከሩ፤ አልሠራም። ሁለተኛም አልሠራም። በሦስተኛው የሞተር ጩኸት ተሰማ፤ ድምፁን ከፍ አድርገውት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«ዱባለ! አስቁም!»

«ጋሼ፣ ቦዩ ሃያ እርምጃ ሄዷል። ባለቤቴ ኤርጎጌ ማሽኑ ፊት ተቀምጣ አልነሳም ባትል ኖሮ ያልቅ ነበር። ምንጩ ይደርቃል ትላለች።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አቶ ሽጉጤ «መልሳችሁ ድፈኑት» አሉ። «ጥቁሩን አፈር ወደነበረበት፣ ጠቅጥቃችሁ። ባህር ዛፉ በተራቆተው ዳገት ላይ ይተከል።»

እንግዲህ መሬት ሁሉ አንድ አይደለም። አሸዋውም፣ ሜዳውም፣ ጫካውም፣ ረግረጉም የየራሱ ልክ አለው፤ ልኩን ሳያውቅ የሚያዝዝ ሰው አጥፊ ነው! ያ ረግረግ ሳይደርቅ ከቀረ ምንጩ በበጋ ይፈስሳል፣ የእንሰቱ ጓሮ እርጥበት አያጣም፣ ከብቱ በድርቅ ወር ሣር ያገኛል፣ ካርቦኑም ከመሬት በታች ይቆያል። ለዚህ ሁሉ የተጠየቅነው ሥራ አለመቆፈር ብቻ ነው፤ ይህንንም እምቢ እንላለን!

በስልኩ የሚሰማው ሞተር ጠፋ። አቶ ሽጉጤ ስልኩን አልዘጉም።

«ዱባለ፣ ለኤርጎጌ ስጣት» አሉ። «የቀረውን መሬት ምን እንደምናደርገው እሷን ልጠይቅ።»