በሞቴ፣ እኔ ልክፈል

ኦስሎ ውስጥ ከሊንደሩድ ወደ ማዮርስቱን በሚሄደው ባቡር ከኋላዬ ሁለት ጓደኛሞች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ለገና አዲስ አበባ ሊሄድ ነው።

«ትኬቱን በምን ገንዘብ ቆረጥከው?»

«በነጥብ። በክሬዲት ካርዴ በከፈልኩ ቁጥር ባንኩ የሚሰጠኝ ነጥብ ተጠራቅሞልኝ።»

«ክሬዲት ካርድ? አንተ ሰው፣ ወለዱ ይበላሃል!»

«ኔይ፣ ኔይ፣ አይበላኝም! ሂሳቡ ሲመጣ ሙሉውን በቀኑ እከፍላለሁ። አንድ ኦሬ ሳንቲም እንኳ ወለድ አልከፈልኩም።»

«በኛ የጽዳት ደሞዝ ምን ገዝተህ ነው ይህ ሁሉ ነጥብ?»

«ሬስቶራንት ስንገባ የሚከፍለው ማነው?»

«አንተ ነሃ። ‹በሞቴ› እያልክ እጃችንን ትይዛለህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያሳፍረናል። በማግስቱ ሁላችንም ድርሻችንን በስልክ እንልክልሃለን።»

«እቀበላለሁ?»

«ሁለቴ እምቢ ትላለህ።»

«በሦስተኛው እቀበላለሁ። ምግቡን ሁላችን በላን፣ ነጥቡ ለኔ ቀረ።»

«አንተ ቀጣፊ! እኔ እኮ ለእናቴ ስለ ደግነትህ ነው የማወራላት!»

«ደግማ ደግ ነኝ።»

«እሺ ደጉ፣ ዛሬ ሬስቶራንት የምንገባው ስንት ሰው ነን?»

«አስራ ሁለት።»

«ጥሩ። ‹በሞቴ› ስትል ‹እግዜር ይስጥልን› ብለን እንበላለን። ድርሻ የሚልክ የለም፤ ለሁሉም አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ።»

«ኧረ ባክህ! የአስራ ሁለት ሰው ሂሳብ ከየት አምጥቼ እከፍላለሁ? ወለድ ውስጥ ልትከተኝ ነው?»

«‹በሞቴ› የምትለው አንተው ነህ።»

እኔም ትናንት ‹በሞቴ› ብሎ ምሳ ለጋበዘኝ የሥራ ባልደረባዬ ድርሻዬን ልልክ ስልኬ ላይ የጻፍኩትን የገንዘብ መጠን ቀስ ብዬ አጠፋሁት።