የሳህኑ ግራ

እህቴ በሞተች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከአረጋውያን መኖሪያው ቢሮ ተደወለልኝና ዕቃዋን ልወስድ ሄድኩ። ዕቃ ያሉት ሹራብ፣ መነጽር፣ ማበጠሪያና ጥቂት ፎቶግራፎች ናቸው፤ አንድ ካርቶን እንኳ አልሞሉም። ካርቶኑን አቅፌ በኮሪደሩ ስወጣ፣ ሁለት ሴቶች በመመገቢያው አዳራሽ በር ላይ ቆመው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ዕድሜዬን ሁሉ አስተማሪ ነበርኩና ክርክር ሰምቶ ማለፍ አላውቅበትም።

አንደኛዋን አውቃቸዋለሁ። የተንከባካቢዎቹ ኃላፊ ናቸው፤ ነዋሪውም ሠራተኛውም «እትዬ አለቃ» ይላቸዋል። በዚህ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። ሌላዋ ሠራተኞቹን እንድታሠለጥን የተላከች ወጣት ነርስ ናት። ከመጣች ሦስት ቀን ሆኗታል፤ በሦስቱም ቀን ባዶ ወንበር ስትጠብቅ ውላለች። እትዬ አለቃ «ሥራ አለብን» ብለው ሠራተኞቹን ከልክለዋቸዋል።

«ልጄ፣» ይሏታል፣ «እኔ ሽማግሌ ማጠብ ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም። ሰው መጦር ከደብተር አይገኝም። ፍቅር ያለው ሰው ሳይነገረው ያውቃል። ለሌለው ደግሞ ምን ቢያስተምሩት ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።»

«ፍቅርዎን ማን ይጠረጥራል፣ እትዬ? ግን እያንዳንዱ ሰው የሚያስፈልገው ይለያያል። ያንን ደግሞ ፍቅር ብቻውን አይነግረንም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እትዬ አለቃ እኔን ሲያዩ ምስክር የመጣላቸው መሰላቸው። «ይኸው ጋሼን ጠይቂያቸው። እህታቸውን አራት ወር ስይዝ ገላዋን የማጥባት እኔ፣ ፀጉሯን የማበጥራት እኔ ነበርኩ። ጠባይዋን እንደ እናቷ ነው የማውቀው።» እውነት ስለሆነ ራሴን ነቀነቅኩ። እንዲያውም አመሰገንኳቸው።

ነርሷ «ነፍስ ይማር» አለችኝና ወደ እሳቸው ዞረች። «ምን ዓይነት ጠባይ ነበራቸው?»

«ምግብ አትወድም ነበር። ካቀረብኩላት ሁልጊዜ ግማሹን ትተዋለች። እህል መድፋት ጡር ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ማቅረብ ጀመርኩ። የግማሹንም ግማሽ ተወችው። ብንለምናት ‹ጨርሻለሁ› ትለናለች። ሰው ሊሞት ሲል ሆዱ ይዘጋል፣ ምን ይደረጋል?»

«በስትሮክ ነበር የመጡት?»

«አዎ። ግራ እጇ አይታዘዝላትም ነበር።»

«የሚተዉት የትኛውን ግማሽ ነበር?»

ጥያቄው የቂል መሰለኝ፤ ግማሽ ያው ግማሽ ነው። እትዬ አለቃም ሊስቁ ጀምረው ነበር፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቀረ። እንደ ልማዳቸው ሳህን የሚያነሱ ይመስል እጃቸውን ዘረጉና ትንሽ አሰቡ። «ግራውን» አሉ። «ሁልጊዜ ግራውን ነበር።»

ነርሷ ወደ አዳራሹ ይዛን ገባች። የምሳ ሰዓት ነበር። በመስኮቱ በኩል ከወር በፊት በስትሮክ የመጡ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ተቀምጠዋል። ጢማቸውን ራሳቸው ስለሚላጩ ቀኝ ጉንጫቸው ጥርት ብሎ ግራው አድጓል፤ ሠራተኞቹም «ግማሽ ሙሽራ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ከሳህናቸው በቀኝ በኩል የነበረው ሩዝ ፍሬ ሳይቀር ተበልቷል፤ በግራ ያለው ሥጋና ካሮት አልተነካም። እትዬ አለቃ ከነገ ጀምሮ ለእሳቸውም ግማሽ እንዲቀርብ ለወጥ ቤቱ ያዘዙት በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር።

«ጠገቡ፣ አባባ?» አለች ነርሷ።

«በምኑ ልጥገብ? እዚህ ቤት የሚሰፍሩልን እንደ ወፍ ነው።»

ምግብ ፊታቸው እያለ እንዲህ ስለሚሉ ነው ሠራተኛው ሲስቅባቸው የከረመው። ነርሷ ሳህኑን ያዘችና አዞረችው፤ ግራው ወደ ቀኝ መጣ። አዛውንቱ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብለው ማንኪያቸውን አነሱ። እስኪጨርሱ ሦስታችንም ቆመን አየናቸው።

«ዓይናቸው ጤነኛ ነው» አለች ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስትሮኩ የጎዳው የአንጎላቸውን ቀኝ ክፍል ነው። እንዲህ ሲሆን አንዳንድ ሰው በግራው በኩል ያለውን ነገር ሁሉ ይረሳዋል። መርሳቱንም አያውቅም። ጨርሻለሁ ሲል እየዋሸ አይደለም።»

እትዬ አለቃ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንግዲያ በረሃብ ገደልኳት በዪኛ።»

«አልልም፣ እትዬ። በምን እንደሞቱ የሚያውቀው ሐኪም ነው። ግን ይራቡ ነበር።»

ልጅቷ ልታባብላቸው ትችል ነበር። አላባበለቻቸውም፤ እኔም ወደድኩላት። በዚያች ሰዓት ካርቶኑን በእትዬ አለቃ ፊት ላይ ብወረውረው ደስ ባለኝ ነበር። እሳቸው ግን ከእኔ ቀድመው በራሳቸው ፈረዱ። «ሃያ ስድስት ዓመት ስንቱን ሳህን አነሳሁ?» አሉና ለነርሷ «ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትጀምሪው?» አሏት።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድመው ደብተር ይዘው ገቡ አሉ። ሠራተኛውም ተከተላቸው። አሁን የቤቱ ነገር ተለውጧል። መታጠብ እምቢ እያሉ የሚደባደቡት ጡረተኛ ሾፌር ዕብድ አልነበሩም፤ ሴት እንድታጥባቸው አፍረው ነው፤ ወንድ ሲመደብላቸው ሰላም ሆኑ። «ኩራተኛዋ» የሚሏት አሮጊትም ጆሮዋ ደንቁሮ ኖሮ፣ ፊት ለፊቷ ቆመው ቀስ ብለው ሲያወሯት ቤቱን በወግ ታደምቀዋለች። ልብስ ሰፊው ሥጋ ጨምረው ጢማቸውን ሙሉ ይላጫሉ። የሚደፋው ምግብ ቀነሰ፤ የፈሩት ጡርም ቀለለ። ሽማግሌ የሚጦር ሁሉ ይህን ይማር፤ በቤቱ የሚጦርም ቢሆን።

እኔ ግን ከዚያ ቀን የወሰድኩት ሌላ ነው። እህቴ አብራኝ እንድትኖር ለምናኝ ነበር፤ ቤቴ ጠባብ ነው ብዬ ወደዚህ ላክኋት። በክፍሏ የነበረው የእንግዳ ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ ከአልጋዋ በስተግራ፣ በመስኮቱ ሥር። እሁድ እሁድ እዚያ እቀመጥ ነበር። ታላቋ ነኝና ሰላምታ ከእሷ ይጀምር ብዬ እጠብቃለሁ። ዞራ ሳታየኝ ትቀራለች። ቂም ይዛ ፊት ነሳችኝ ብዬ ጋዜጣዬን አንብቤ እወጣለሁ። በመጨረሻዎቹ አምስት ሳምንታት ጭራሽ አልሄድኩም።

ያን ዕለት ካርቶኑን ይዤ ስወጣ ነርሷን «በግራ የተቀመጠ ሰውስ?» አልኳት።

«ሰውም ያው ነው፣ ጋሼ» አለችኝ።

እትዬ አለቃ እስከ በሩ ሸኙኝ። ለመናገር ሁለት ጊዜ ጀምረው ተዉት፤ በመጨረሻ እጄን ይዘው ነገሩኝ። «እሁድ እሁድ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ‹ወንድሜ ዛሬም ቀረ?› ትለኝ ነበር። ጃጅታለች ብዬ ዝም አልኳት።»