ቄስ ሀብተ ሥላሴ ግዝታቸውን የፈቱበት ቀን

በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. ግንቦት፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህሩ ቄስ ሀብተ ሥላሴ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከደልጊ በጀልባ ባሕር ዳር ገቡ። ከወደቡ ብዙም ሳይርቁ ከአንድ ሾላ ሥር እዚያው ከተማ የምትማረውን የልጃቸውን የሰገነትን ድምፅ ሰምተው ክው አሉ። ሰገነት ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች፤ የነጋዴው የኑርሑሴን ልጅ ዘይነት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ዘርግታ ትነግራታለች፣ እሷም እየተቀበለች ትደግማለች።

መደንገጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ለፋሲካ አገሯ በገባች ጊዜ፣ ፈረንጅ ቁርባን መቀበልንም የሰው ዕቃ መውሰድንም «ቴክ» በሚሉት በአንድ ግሥ እንደሚናገር ከአፏ ሰምተው፣ «ይህን መጽሐፍ ዳግመኛ ብትከፍቺ ገዝቼሻለሁ» ብለዋት ነበር። የካህን ግዝት ደግሞ በዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም።

«ግዝቴን ጣስሽው?» አሉ ቄሱ።

«አልጣስሁም አባባ። ከፋሲካ ወዲህ መጽሐፉን አልከፈትሁም። የምትከፍተው ዘይነት ናት፤ እኔ እንደ እርስዎ ተማሪዎች በቃሌ እቀበላለሁ። ከነገ ወዲያ የአሥራ ሁለተኛ ፈተና ነው።»

ቄሱ ይህን ሲሰሙ ይብሱን ደነገጡ። ልጃቸው ዓይን እያላት አንድ ወር ሙሉ እንደ ዕውር ስትማር ከርማለች።

«ቢሆንም ልጄ፣» አሉ፣ «መድኃኒት ሲውጡ ቴክ፣ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ቴክ፣ ፎቶግራፍ ሲያነሱ ቴክ፤ ሲቆርቡም ያው። ቅዱሱን ከርኩሱ የማይለይ ቋንቋ ምን ይፈይድልሻል?»

ሰገነት አንገቷን ደፋች። «ይቅር ይበሉኝና፣ ኢዮብ ልጆቹ ሲሞቱበት ፈጣሪ ምን አደረገ ይላል በግዕዙ?»

«ነሥአ ይላል። ወሰደ ነው።»

«በቅዳሴስ ጌታ ኅብስቱን ለሐዋርያት ሲሰጥ?»

«ንሥኡ...» ብለው ቀጥ አሉ። ሠላሳ ዓመት የቀደሱበት ቃል ነው። ሞቱም ቁርባኑም በአንድ ግሥ ሲነገር ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አልከነከናቸውም። አፈሩ።

«እርስዎ አንዱን ቃል አንድም፣ አንድም እያሉ አራት አምስት ጊዜ ይፈቱታል» አለች ሰገነት። «ፈረንጆቹም እንዲያው ናቸው አባባ። ቃሉን የሚለየው አገባቡ ነው።»

ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟት። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። በማላውቀው ነገር ገዘትሁሽ፤ እኔንም ይፍታኝ» አሉ። መጽሐፉንም ከዘይነት ተቀብለው በገዛ እጃቸው ከፍተው በልጃቸው ጉልበት ላይ አኖሩት።

ዕውቀት በባዕድ ቋንቋ ስለ መጣ አይረክስም፤ ያላወቁትን መገዘት ግን የልጅን ዕድል ይዘጋል። ሰገነት ፈተናዋን አልፋ ነርስ ሆነች። በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ ማንም የማያነበውን የመድኃኒት ወረቀት ለደልጊ እናቶች እያነበበች በአማርኛ የምታስረዳቸው እሷ ናት። ለአባቷም የዓይን ጠብታቸውን ጧት ማታ ታደርግላቸዋለች።

«ይህንንም ቴክ ይሉታል?» ይሏታል ጠብታው ሲያቃጥላቸው።

«የለም አባባ፣ ለዚህ ሌላ ግሥ አላቸው።»

«እስቲ ንገሪኝ» ይላሉ፣ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ።